ሦስት ጊዜ የመጣችው ልጅ፦ ጤና ባለሙያ ወሲባዊ ብዝበዛን እንዴት ያውቃል? ካወቀስ ምን ያደርጋል?

የካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላለች። "ዕድሜ?" ይላል መዝጋቢው። "19" ትላለች ሴትየዋ። ኋላዋ የቆመችው ልጅ ቀና አላለችም። ካየናት 15 ቢሆናት ነው። እጇ ላይ ያለው ስልክ ከመዝጋቢውም ከሴትየዋም ስልክ ይበልጣል፤ ጫማዋ ግን ተረከዙ ያለቀ ነጠላ ጫማ ነው።

ካርዷ ተፈልጎ ተገኘ። በሦስት ወር ውስጥ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። መጀመሪያ ሽንት ያቃጥለኛል ብላ መጣች። ቀጥሎ ፖስት ፒል (ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ኪኒን) ፈልጋ። ዛሬ ደግሞ ሆዴን ቆረጠኝ ብላ። ሦስቱንም ጊዜ የተቀበላት ሌላ ተረኛ ነው። ሦስቱም ሥራቸውን ሠርተዋል። መርምረዋል፣ መድኃኒት ሰጥተዋል፣ ሸኝተዋል። ሦስቱን ገጽ አንድ ላይ ያነበበ ሰው ግን የለም።

ይህችን ልጅ ለማብራሪያው ብዬ የሳልኳት ናት። ድንገተኛ ክፍል ወይም ጤና ጣቢያ ተረኛ ሆኖ ላደረ ሰው ግን እንግዳ አትሆንበትም። ብዙ ጊዜ ስለ ልጆች ጥቃት ሲወራ ፖሊስና ፍርድ ቤት ይነሳሉ። እንዲህ ያለ ኑሮ ውስጥ ያለች ልጅ ግን በራሷ እግር ፖሊስ ጣቢያ አትሄድም። ትምህርት ቤትም ትታ ሊሆን ይችላል። ስትታመም የምትመጣው ጤና ተቋም ነው። ነጭ ጋውን የለበሰው ሰው ብቸኛው የውጭ ሰው ሊሆንላት ይችላል።

ብዝበዛ ከጥቃት በምን ይለያል?

መጀመሪያ "ሕፃን" የሚለውን ቃል እናጥራ። በዕለት ተዕለት አማርኛ ሕፃን ስንል እናቷ ጀርባ ላይ ያለችውን ነው። በሕግ ቋንቋ ግን 18 ዓመት ያልሞላው ሁሉ ሕፃን ነው። ጡት ያወጣች፣ ቁመቷ የረዘመ፣ የራሷን ልጅ ያዘለች ጭምር። እኔ እዚህ "ልጅ" እላለሁ። የምለው ግን እስከ 18 ዓመት ያለውን ሁሉ ነው።

ወሲባዊ ጥቃት ሰፊው ቃል ነው። ብዝበዛ ከዚያ ውስጥ አንዱ ዓይነት ነው። የሚለየው አንድ ነገር ነው፤ በመሀል ልውውጥ አለ። ልጁ ወይም ሌላ ሰው በምትኩ የሚያገኘው ነገር አለ። ብር ሊሆን ይችላል። ምሳ፣ ማደሪያ፣ ስልክ፣ የፈተና ውጤት፣ "ዓረብ አገር እልክሻለሁ" የሚል ተስፋም ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ልጅቷ ምንም አታገኝም። ብሩን የሚቀበለው ደላላው፣ የቡና ቤቱ ባለቤት ወይም "አክስቷ ነኝ" የምትለው ሴት ናት።

ታዲያ ልውውጥ ስላለ ብቻ ንግድ ይመስላል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። አገላለጹ ልጅቷን ሻጭ ያደርጋታል። ዓለም አቀፍ የሕፃናት ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2016 ሉክሰምበርግ ላይ ባጸደቁት የቃላት መመሪያ "ሕፃን ሴተኛ አዳሪ" የሚለውን ዓይነት አባባል ተዉ ያሉት ለዚህ ነው። ልጅ አይሸጥም፤ የሚሸጠውና የሚገዛው አዋቂ ነው። ነገሩ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል። ካርድ ላይ "ሴተኛ አዳሪ" ተብሎ የተጻፈባት የ15 ዓመት ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጣ የሚጠብቃት ፊት ሌላ ነው።

"ራሷ ፈልጋ ነው" ቢባልስ?

ይህን የምትሰሙት ከደላላ ብቻ አይደለም። ከባለሙያም ይሰማል። "ጓደኛዋ ነው"፣ "ለምዳዋለች"፣ "እሷ ራሷ ናት የምትሄደው"።

ሕጉ እዚህ ላይ አያመነታም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 626 መሠረት ዕድሜዋ ከ13 እስከ 18 ከሆነ ልጅ ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት የፈጸመ ሰው ከ3 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ልጅቷ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች አንቀጽ 627 ቅጣቱን ከ13 እስከ 25 ዓመት ያደርሰዋል። ወንድ ልጆችም በሕጉ ጥበቃ አላቸው። ፈቃዷ የአዋቂውን ጥፋት አያጠፋም። በሰው መነገድን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012ም እንዲሁ ነው። አዋቂ ሰው ላይ የተፈጸመ የሰው ንግድ ሲሆን መታለሉ ወይም መገደዱ ይጠየቃል። ልጅ ከሆነች ግን ያ ሁሉ አያስፈልግም።

ቤተሰብ "በሽማግሌ ጨርሰናል፣ ሊያገባት ነው" ብሎ ሊመጣም ይችላል። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እውነትም እንዲህ ያለ መውጫ ነበረው፤ ደፋሪው ካገባት ክሱ ይቀር ነበር። የ1996ቱ ሕግ ያንን በር ዘግቶታል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጓል። ስለዚህ "ሊያገባት ነው" የሚለው መልስ ያለፈውን ወንጀል አይሰርዝም፤ ሌላ ወንጀል ይጨምርበታል እንጂ።

ታዲያ ልጅቷ ለምን አትናገርም?

የሰፈር ሱቅ የዱቤ ደብተርን አስቡት። ባለሱቁ ዛሬ ስኳር ይሰጣል። ነገ ዘይት ይሰጣል። "ምን ችግር አለ፣ ሲመችሽ" ይላል። ፈገግ እያለ ይጽፋል። አንድ ቀን ደብተሩን ገልጦ ያሳያል። ያን ቀን ደንበኛዋ ባለዕዳ ናት። ሌላ ሱቅ መሄድ አትችልም፤ ፊቱን አይታ ማለፍም ያሳፍራታል።

ብዝበዛ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እንደዚሁ ነው። በመጀመሪያ ሰውየው ደግ ነው። ከገጠር መጥታ መናኸሪያ ላይ ግራ የገባትን ልጅ ምሳ ይጋብዛል። ማደሪያ ያገኝላታል። ካርድ ይሞላላታል፤ ስልክ ይገዛላታል። "ቆንጆ ነሽ" ያላት የመጀመሪያው ሰው እሱ ይሆናል። ሁሉም ግን በማይታይ ደብተር ላይ እየተጻፈ ነው። የክፍያው ቀን ሲመጣ "ያን ሁሉ አድርጌልሽ" ይላል። እምቢ ካለች ደግሞ ፎቶ አለ፣ ቪዲዮ አለ፣ "ለአባትሽ እልካለሁ" አለ።

ስለዚህ ልጅቷ ራሷን እንደ ተበደለች አታይም። ባለዕዳ ነኝ ብላ ነው የምታስበው። ሰውየውን ልትወደውም ትችላለች። ሐኪም "ማን ጎዳሽ?" ብሎ ሲጠይቃት "ማንም" የምትለው ሁልጊዜ ዋሽታ አይደለም። በእሷ ሒሳብ ማንም አልጎዳትም። ፍርሃቱ አለ፣ እፍረቱ አለ፣ "ፖሊስ ያስረኛል" የሚለው ሥጋትም አለ። አገር ቤት እናቷ በየወሩ የምትጠብቀው ብርም አለ።

አሁን ደግሞ ደብተሩ ወደ ስልክ ገብቷል። ዩኒሴፍ፣ ኢንተርፖልና የልጆችን ወሲባዊ ብዝበዛ የሚታገለው ድርጅት ኤክፓት አብረው እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ያደረጉት የኢትዮጵያ ጥናት፣ ኢንተርኔት ከሚጠቀሙ ከ12 እስከ 17 ዓመት ልጆች ውስጥ 10 በመቶ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ በኢንተርኔት አማካይነት ወሲባዊ ብዝበዛ ወይም ጥቃት እንደደረሰባቸው አሳይቷል። እነዚህ ልጆች ከቤታቸው ያልወጡ፣ ዩኒፎርም ለብሰው ትምህርት ቤት የሚውሉ ሊሆኑ ይችላሉ። ጤና ተቋም የሚመጡት በእንቅልፍ ማጣት፣ ምክንያቱ በማይታወቅ ራስ ምታት፣ ወይም ራሳቸውን ጎድተው ነው።

ባለሙያው ምን ያያል?

አንድ ምልክት ብቻውን ምንም አይደለም። ትኩሳት ያየ ሁሉ ወባ ነው አይልም። ትኩሳት ያየ ግን ደም ሳያስመረምር አይሸኝም። ነገሩ እንደዚያ ነው። ምልክት ማለት "ጠይቅ" የሚል ደወል ነው።

ቀዳሚው ምልክት ያለው ካርዱ ላይ ነው። በአጭር ጊዜ ውስጥ መደጋገም፣ የአባላዘር በሽታ፣ ተደጋጋሚ የእርግዝና ምርመራ፣ ደግሞ ደጋግሞ ፖስት ፒል መጠየቅ፣ በየተቋሙ እየዞሩ መታከም። ለትንሽ ልጅ ደግሞ የአባላዘር በሽታ አንድ ጊዜ መገኘቱ ብቻውን ትልቅ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው አብሮ የመጣው ሰው ነው። ልጅቷ ስትጠየቅ እሱ ይመልሳል። መታወቂያዋን እሱ ይይዛል። ውጡ ሲባል ምክንያት ያበዛል። ዝምድናውን ሲጠየቅ አንዴ አክስት፣ አንዴ አሠሪ ይሆናል። ልጅቷም መልስ ከመስጠቷ በፊት ፊቱን ታያለች። በበኩሌ ከሁሉም በላይ የምፈራው ይህን እይታ ነው።

ሌላው የማይገጥም ነገር ነው። የጫማዋና የስልኳ ነገር። የምትኖርበትን ሰፈር ስትጠየቅ "እዚያ ጋ" ከማለት አታልፍም። የተናገረችው ዕድሜ ከፊቷ ጋር አይሄድም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የመጠጥ ወይም የሺሻ ሽታ አላት። ስልኩ ደጋግሞ ይጠራል፤ በጠራ ቁጥር ትደነግጣለች። ክንዷ ላይ የሲጋራ ቃጠሎ ወይም የተለያየ ዕድሜ ያለው ሰንበር አለ፤ "ወድቄ ነው" ትላለች። ቁስሉ ከሰነበተ በኋላ ነው የመጣችው።

ከገጠር መጥተው በሰው ቤት የሚያገለግሉ ልጆች ደግሞ ለብቻቸው መታሰብ አለባቸው። ይዛቸው የምትመጣው አሠሪ ናት። ከፋይዋም እሷ ናት። ጥቃቱ የተፈጸመው በዚያው ቤት ከሆነ ልጅቷ አሠሪዋ ፊት ምን ልትል ትችላለች?

ወንድ ልጆች ጋ ስንደርስ ትልቁ ችግር ማንም አለመጠየቁ ነው። "ወንድ ልጅ ምን ይሆናል" የሚል ልማድ አለን። ጎዳና ላይ የሚያድር፣ ጫማ የሚጠርግ፣ መኪና የሚያጥብ ልጅ ለማደሪያ ወይም ለምግብ ተብሎ ሊበዘበዝ ይችላል። ጉዳቱ በንዴት፣ በጠብ፣ ቤንዚንና ማስቲሽ በመሳብ ይታያል። ባለሙያውም "ዱርዬ ነው" ብሎ ያልፈዋል።

አካሏ ተመርምሮ አይታወቅም እንዴ?

እንደዚህ በሰፊው የተሳሳትንበት ነገር ያለ አይመስለኝም። "ሐኪም ካያት ይታወቃል" እንላለን። አይታወቅም። ጥቃት ደርሶባቸው ከሚመረመሩ ልጆች አብዛኞቹ አካላቸው ላይ የሚታይ ጉዳት አይገኝም። የዚያ አካባቢ ቁስል ቶሎ ይድናል፤ ብዙውም ድርጊት ቁስል አያስቀርም። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት 36 ነፍሰ ጡር ልጃገረዶችን ተመልክቶ ነበር። ግንኙነት ስለመኖሩ በአካላቸው ላይ ግልጽ ምልክት የተገኘባቸው 2 ብቻ ናቸው። እርጉዝ ሆነው ማለት ነው።

"ድንግል ናት ወይስ አይደለችም?" የሚለው ምርመራም ሳይንሳዊ መሠረት የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2018 ይህ ምርመራ ይቅር ብሏል። ጎረቤትም ሆነ አባት ይህን ወረቀት ፈልጎ ልጅ ጎትቶ ቢመጣ፣ መልሱ አጭር ነው፤ እንዲህ የሚባል ምርመራ የለም።

ስለዚህ "ምንም አልተገኘም" ማለት "ምንም አልሆነም" ማለት አይደለም። ማስረጃውን የሚጽፍ ባለሙያ ይህን አንድ መስመር ቢጨምር የብዙ ልጆች ፋይል ባልተዘጋ ነበር። ዋናው ማስረጃ ልጅቷ የምትናገረው ነው። እንድትናገር ደግሞ ልትጠየቅ ይገባል።

እንዴት ትጠየቅ?

መጀመሪያ ለብቻዋ። ይህ የሁሉ ቁልፍ ነው። ግን ሴትየዋን "ውጪ" ብሎ መጮህ ነገሩን ያበላሸዋል፤ ማታ ቤት ስትመለስ የምትከፍለው ልጅቷ ናት። ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ሰበብ አያጡም። ሽንት ስጪ ይባላል፤ ሽንት ቤት ድረስ ነርሷ ታደርሳታለች። ክብደት ትመዘን ይባላል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ለሁሉም የሚሠራ ደንብ ነው።

"እናቴ፣ እዚህ ቤት በዚህ ዕድሜ ያሉትን ሁሉ ለብቻቸው ነው የምናያቸው። ወንበሩ ላይ አረፍ ይበሉ፣ እንጠራዎታለን።"

ማንም አልተከሰሰም። ማንም አልተጠረጠረም። ደንብ ነው።

ልጅቷ አማርኛ የማትችል ከሆነ አስተርጓሚው አብሯት የመጣው ሰው መሆን የለበትም። ከወላይታ ወይም ከሲዳማ የመጣች ልጅ ቃሏ በደላላዋ አፍ ከተተረጎመ፣ የሰማነው የደላላዋን ቃል ነው።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ከመጠየቅ በፊት አንድ እውነት መናገር ያስፈልጋል። "የምትነግሪኝን መንገድ ላይ አላወራም። ግን አደጋ ላይ ከሆንሽ ሊረዳሽ ለሚችል ሰው ልነግር እችላለሁ። መጀመሪያ ለአንቺ ነግሬሽ ነው።" "ለማንም አልናገርም" ብሎ ቃል መስጠት ይቀላል። ያ ቃል የፈረሰ ቀን ግን ልጅቷ ዳግመኛ አዋቂ አታምንም።

ከዚያ ከዳር ይጀመራል። "ማታ የት ነው የምታድሪው?" "አብራሽ የመጣችውን ከመቼ ጀምሮ ታውቂያታለሽ?" "ትምህርት እንዴት ነው?" ከዚያ ወደ መሀል፦ "አንዳንድ ልጆች ሰው የሆነ ነገር ይሰጣቸውና በምትኩ የማይፈልጉትን ያስደርጋቸዋል። አንቺን እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሞሽ ያውቃል?" በመጨረሻም፦ "ዛሬ ወደዚያ ቤት መመለስ ያስፈራሻል?"

"አንዳንድ ልጆች" የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። እሷ ብቻ እንዳልሆነች ትነግራታለች።

"ለምን አልጮህሽም?"፣ "ለምን ስልኩን ተቀበልሽ?"፣ "ለምን እስካሁን ዝም አልሽ?" የሚሉት ደግሞ መጠየቅ የለባቸውም። ጥያቄ ይመስላሉ፣ ክስ ናቸው። ዝርዝሩን እስከ ጥግ ማውጣትም የነርስ ሥራ አይደለም። ለሕክምናዋና ለደህንነቷ የሚያስፈልገው ይበቃል። ልጅ አንድን ታሪክ አሥር ጊዜ ስትደግም አሥር ጊዜ ትጎዳለች። በየጊዜው የሚለዋወጠውን ዝርዝር ደግሞ የተከሳሽ ጠበቃ በደስታ ይጠቀምበታል።

ከተናገረችስ?

የመጀመሪያው ቃል ይከብዳል። ነርሷ ደንግጣ "እውነት?" ካለች ልጅቷ መልሳ ትዘጋለች። "ስለነገርሽኝ ጥሩ አድርገሻል። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም" ይበቃል። የሰማችው ነገር በልጅቷ ቃል፣ በትእምርተ ጥቅስ ይጻፍ። ልጅቷ "አጎቴ እዚህ ጋ ነካኝ" ካለች የሚጻፈው ያ ነው፤ በባለሙያ ቃል ተተርጉሞ አይደለም።

ቀጥሎ ሰዓቱ ይቆጠራል። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት፣ ባለሙያዎች ፔፕ የሚሉት፣ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። በፈጠነ ቁጥር ይሻላል፤ ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ይሰጣል፤ እሱም በዘገየ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል። የአባላዘር በሽታ ሕክምናና የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ይታሰባል። የመጀመሪያው የኤችአይቪ ምርመራ ቫይረሱ የለም ቢል ተጨርሷል ማለት አይደለም፤ ከ6 ሳምንትና ከ3 ወር በኋላ ይደገማል።

72 ሰዓቱ ቢያልፍም "አሁን ምን ታደርጊያለሽ" ብሎ መመለስ የለም። ብዝበዛ አንድ ቀን ተፈጽሞ የሚያልቅ አይደለም። ያለፈው ሳምንት አልፎ ይሆናል፤ የትናንቱ ግን ገና ነው።

ለማስረጃው ደግሞ አንዲት የምትረሳ ነገር አለች። ልብሷ ከተወሰደ ፌስታል ውስጥ አይገባም። ፌስታል እርጥበት ያፍናል፣ ናሙናው ይበላሻል። የወረቀት ከረጢት ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ምርመራውም በግድ አይደረግም። እምቢ ካለች እምቢታዋ ይከበራል፤ ሕክምናው ግን በዚያ ምክንያት አይከለከልም።

እርጉዝ ሆና ከተገኘች ብዙ ባለሙያ የሚያመነታበት ቦታ ይመጣል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 እርግዝናው በመደፈር ወይም በዘመድ የተፈጸመ ከሆነ፣ ወይም ልጅቷ ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጅ ለማሳደግ ካልተዘጋጀች ማቋረጥን አይቀጣም። አንቀጽ 552 ደግሞ በመደፈር ለመጣው እርግዝና የሴቷ ቃል በቂ ነው ይላል። የፖሊስ ወረቀት አምጪ ብሎ ማመላለስ ሕጉ ውስጥ የለም። ውሳኔው የእሷ ነው፤ የባለሙያው ሥራ ያለውን አማራጭ በግልጽ መንገር ነው።

ከዚያ ማገናኘት። አዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለ፤ ሌሎች ከተሞችም ተመሳሳይ ተከፍተዋል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሐኪሙ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው፣ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ አንድ ግቢ ውስጥ ይቀመጣሉ። ልጅቷ አራት ቢሮ አትዞርም፤ እነሱ ወደ እሷ ይመጣሉ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስም ለሕፃናት ምቹ በተባለው ችሎት ልጁ ሌላ ክፍል ሆኖ በካሜራ ቃሉን ይሰጣል፤ በተከሳሹ ዓይን ፊት አይቆምም። እንዲህ ያለ ማዕከል በሌለበት ወረዳ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ፖሊስ ይቀራሉ። ማታ የምታድርበት ከሌላት እንደ ሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ያሉ መጠለያዎች አሉ። "ወደ ቤት ትመለስ" ከማለት በፊት ቤቱ የማን እንደሆነ ማጣራት ይቀድማል።

አሜሪካ የምትሠሩ ነርሶች ታውቁታላችሁ፤ እዚያ በየትኛውም ግዛት ጥርጣሬ ያለው የጤና ባለሙያ ማሳወቅ ግዴታው ነው። እስራኤልም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ እንዲሁ። እርግጠኛ እስኪሆኑ መጠበቅ አይጠየቅም። ማጣራት የሌላ ሰው ሥራ ነው።

አንድ ነርስ ወይም አማካሪ ምን ይለውጣል?

ሮችዴል ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። እዚያ ሳራ ሮውቦተም የምትባል የወጣቶች የሥነ ተዋልዶ ጤና ሠራተኛ ነበረች። ወደ ክሊኒኳ የሚመጡት ልጃገረዶች ኮንዶምና የእርግዝና ምርመራ ይጠይቃሉ። እሷ ግን ከዚያ አልፋ ታዳምጣለች። የአዋቂ ወንዶች ስም፣ ታክሲ፣ መጠጥ፣ ነፃ ምግብ ደጋግሞ ይነሳል። መመዝገብ ጀመረች። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2011 ባለው ጊዜ 181 ጊዜ ለሚመለከታቸው አሳወቀች።

ብዙ ጊዜ ሰሚ አላገኘችም። ልጆቹ "የራሳቸው የሕይወት ምርጫ ነው" ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ዐቃቤ ሕግ አንዷ ልጅ ምስክር ብትሆን አትታመንም ብሎ ፋይሉን ዘጋ። ከዚያ ጉዳዩ እንደገና ተከፈተና እ.ኤ.አ. በ2012 ዘጠኝ ሰዎች ተፈረደባቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ገለልተኛ ግምገማ ያን ጊዜ ድምፃቸውን ካሰሙ ጥቂቶች አንዷ እሷ እንደነበረች መሰከረ።

እኔን የሚገርመኝ 181 የሚለው ቁጥር ነው። ጎበዝ መርማሪ ሆና አይደለም። የመጣችውን ልጅ ቃል እየጻፈች፣ ካለፈው ጋር እያስተያየች፣ ዝም ሲሏት እንደገና እየጻፈች ነው። የእኛዋ ልጅ ሦስት ካርድ ላይ የጎደለው ይኸው ነው።

ምንም ባትናገርስ?

አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው። የመጀመሪያ ቀን አትናገርም። "ደህና ነኝ" ትላለች። መግፋት ደግሞ አይሠራም፤ ዕዳ ላይ ዕዳ መጨመር ነው። አደጋው ዛሬውኑ የሚያሰጋ ከሆነ፣ ለምሳሌ ልጅቷ በጣም ትንሽ ከሆነች ወይም ሕይወቷ የሚያሰጋ ከሆነ፣ ባለሙያው ብቻውን አይወስንም፤ ኃላፊውን ጠርቶ ያሳውቃል። ካልሆነ ግን የሚቀረው በሩን ክፍት ማድረግ ነው።

ብሮሹር እጇ ላይ ማስያዝ ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። ሴትየዋ ማታ ቦርሳዋን ስትፈትሽ ታገኘዋለች። የስልክ ቁጥርም እንዲሁ። የሚሻለው ሴትየዋ የማትቃወመው ነገር ነው፤ ቀጠሮ። "የሽንቱ ውጤት ማክሰኞ ይደርሳል፣ ማክሰኞ ትምጣ፣ መድኃኒቱን ሳትጨርስ ብትቀር ይመለስባታል።" ይህን የሚከለክል ሰው አይኖርም።

ካርዱ ላይም ተረኛው ሁሉ የሚያነበው አንድ መስመር ይጨመራል። አብሯት የመጣው ሰው ቢያየው የማይጠረጥረው ዓይነት፦ "ማክሰኞ ክትትል። እንደ ደንቡ ለብቻዋ ትታይ።" ከሱ ሥር ሦስቱ ቀኖች ይጻፋሉ፤ የሽንቱ፣ የፖስት ፒሉ፣ የቁርጠቱ። አሁን ሦስቱ አንድ ገጽ ላይ ናቸው።

ሲስተሯ የተረኞችን ዝርዝር አየች። ማክሰኞ ተረኛ ሌላ ሰው ነው። ተራ ተለዋወጠች።